ዘመድ የጨረሰው ማስታወቂያ

ሶፋ አዳሹ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መቀመጫ ሲጠግን ኖሯል። ሙያውን የተማረው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። ስምንት መቶ ወንበር ፈትቶ ስምንት መቶ ወንበር ገጥሟል፤ ፊልም ግን አንድም አላየም፤ መብራቱ ሊጠፋ ሲል እሱን ያስወጡት ነበርና። ከዚያ ወዲህ ሰውን የሚያውቀው በፊቱ ሳይሆን በስፖንጁ ነው። አንዱን ሶፋ ዳበስ ያደርግና «የዚህ ቤት አባወራ ግራ ጎኑን ያመዋል። እናትየዋ ደግሞ ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ተደላድላ አታውቅም» ይላል። ሐኪሞች ይህንን ለማለት ነጭ ጋውን ይለብሳሉ፣ ወረፋም ያስይዛሉ። እሱ የለበሰው ሙጫ የደረቀበት ቱታ ስለሆነ የሚያምነው የለም።

እንግዲህ ይህ የሶፋን ሆድ ዕቃ እንደ ኪሱ የሚያውቅ ሰው፣ ባለፈው ዓመት ገበያው ነጠፈበት። ከመንገዱ ማዶ በመስታወት የታጠረ የአዲስ ሶፋ መሸጫ ተከፈተ። ሰፊው ሕዝብ ተሰልፎ ይገዛል። ሶፋው ስድስት ወር ሳይሞላው ወገቡ ይጎብጣል። ሰፊው ሕዝብም የጎበጠውን አውጥቶ ይጥልና ሌላ የሚጎብጥ ይገዛል። ይህ ሥልጣኔ ይባላል፤ የሚቃወም ኋላቀር ነው።

የሚስቱ ወንድም የፈርኒቸር ፋብሪካ ፎርማን ነው። ሰውየው ሲናገር ጣቱን ያወዛውዛል፤ ጣቱን ሲያወዛውዝ ደግሞ የቁልፍ መያዣው ይንቃጨላል። «ና ስፖንጅ ቆራጭ ላድርግህ» አለው። ደግነቱ አይካድም። ነገር ግን በሠርጉ ቀን «እህቴን ለጠጋኝ!» ብሎ ያኮረፈውን ሰው በየጠዋቱ «አለቃ» እያሉ መኖር፣ ለሶፋ አዳሹ ከነሕይወቱ ስፖንጅ ውስጥ ተሰፍቶ ከመቅረት አይተናነስም።

ሚስቱ ፈረደች። «አንድ ወር» አለች። «በዚህ ወር አሥር ደንበኛ ከመጣልህ ሱቅህን ይዘህ ትቀጥላለህ። ካልመጣ ቁልፉን ለአከራዩ አስረክበህ ወንድሜ ጋ ትገባለህ። ሙግት አልፈልግም።»

አልሞገተም። በማግሥቱ «ፐርሰንት» የሚሉትን ሰው ፍለጋ ሄደ።

ፐርሰንት የኢንተርኔት ማስታወቂያ ባለሙያ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከጥርስ ሠሪ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ይሠራል፤ እሱ ስለ ዕድገት ሲያወራ ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ያቃስታል። ያለ መቶኛ ስለማይናገር ነው ስሙ የወጣለት። ለእናቱ እንኳ «ሰማንያ ፐርሰንት ደህና ነኝ» ይላታል አሉ።

«ሰው ኢንተርኔት ላይ ሶፋ ብሎ ሲፈልግ፣ አናቱ ላይ አንተ ትመጣለህ» አለው።

«ከመንገዱ ማዶ ካለው በላይ?»

«ከሁሉም በላይ! ደስ የሚለው ደግሞ ለሚያይህ ሰው አትከፍልም። ማስታወቂያህን በጣቱ ለነካ ብቻ ነው የምትከፍለው። በየቀኑ ይህን ያህል ብለህ ትመድባለህ፤ ያ ሲያልቅ ማስታወቂያው በራሱ ይተኛል፣ ሲነጋ ደግሞ ይነሳል።»

«የነካ ሁሉ ይመጣል?»

«መንካት ማለት መፈለግ ነው፣ ወንድሜ። ያልፈለገ ምን ሊነካ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሰው ጮኸ። ሶፋ አዳሹ ግን ማስጠንቀቂያ አልመሰለውም።

ማስታወቂያው ወጣ። «ዘመናዊ የፈርኒቸር እድሳት አገልግሎት» ይላል፤ አጻጻፉ የፐርሰንት ነው። ሶፋ አዳሹ ራሱ ሁለት ጊዜ አንብቦ ስለ እሱ መሆኑን ተጠራጠረ። ቢሆንም ደስ አለውና ለቤተሰቡ ግሩፕ ላከው፤ «እዩልኝ» ብሎ።

በሦስተኛው ቀን ፐርሰንት ደወለ። «ስልሳ ሰው ነክቶሃል! በአንድ ጠዋት! ሌሎች ደንበኞቼ በሳምንት ይህን አያገኙም!»

ሶፋ አዳሹ ሱቁን ጠረገ። ምስማሩን በመጠን በመጠኑ ደረደረ። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሽንት ቤት የት እንዳለ ጠይቆ ሄደ።

በአምስተኛው ቀን ስልሳ አምስት ነኩ። ማንም አልመጣም። በአሥረኛው ቀን ሰባ። ማስታወቂያው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ምድቡን ጨርሶ ይተኛል፤ ከባለቤቱ የተሻለ ኑሮ ይዟል። ሶፋ አዳሹ ስልኩ የተበላሸ መሰለውና በሚስቱ ስልክ ወደ ራሱ ደወለ። ጠራ። አነሳና «ሃሎ» አለ። ሚስቱ ከጓዳ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችው። «ከራሴ ጋር» ሲላት፣ ስልኳን ተቀብላ ለወንድሟ ነገረች።

ፐርሰንት ጋ ሄዶ «ሰው ይነካኛል፤ ነገር ግን አይመጣም» አለው።

«ቁጥሩ ግን ግሩም ነው።»

«ሰው የለም እያልኩህ ነው።»

«ቁጥሩ ግን...» አለ ፐርሰንት፣ እንደ ሙሽራ ፎቶ የታቀፈውን ግራፍ እያሳየ። ግራፉ ሽቅብ ይወጣል። ሶፋ አዳሹ ግራፉን አየ፤ ባዶ እጁን አየ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚዋሽ ሊገባው አልቻለም።

በሃያኛው ቀን አሥር ቀን ቀረው። ደንበኛ ዜሮ። እሑድ ነበርና በማለዳ ታላቅ አክስቱ ዘንድ ሊያለቅስ ሄደ። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ቤተሰቡ በሙሉ «ኮማንደር» ይላቸዋል፤ ሲያዙ ማንም ለምን አይልማ።

«እቴቴ፣ ሰው ጠላኝ» አለ።

«ማን አባቱ ነው የሚጠላህ? እኛ በየቀኑ እየነካንልህ!»

«ምኑን?»

«ማስታወቂያህን ነዋ!» ኮማንደር ስልካቸውን ከደረታቸው አወጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አንድ በአንድ ፊደል እየለቀሙ «ሶፋ» ብለው ጻፉና ስሙ ላይ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። «ይኸው። ነካሁልህ።»

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚነኩልኝ?»

«ጠዋት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ። ከምሳ በኋላ ግን አይገኝም፤ ተኝቷል መሰለኝ። ስለዚህ ሁላችሁም በጠዋት ሁለት ሁለቴ ንኩለት ብዬ ግሩፑን አዝዣለሁ። ለአንተ እንዳይነግሩህም አስጠንቅቄያለሁ፤ ውለታ ሲነገር ይረክሳል።»

«ስንት ናችሁ?»

«ሠላሳ አራት። የአጎትህ ልጅ ብቻ ነው የለገመው። ያልነካ ዘመድ አይደለም ብዬዋለሁ።»

«እቴቴ፣ እናንተ በነካችሁት ቁጥር እኮ እኔ ነኝ የምከፍለው።»

«ለማን?»

«ለኢንተርኔቱ ባለቤቶች።»

«እኛ አንተን ደገፍን፣ አንተ ለእነሱ ትከፍላለህ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ኮማንደር መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይህን የሚያህል የሞኝ ሥራ ውስጥ ማን አስገባህ?» አሉት።

ማታውን ግሩፑ ላይ ጻፈ፤ «ውድ ዘመዶቼ፣ ስለ ፍቅራችሁ አመሰግናለሁ። ከነገ ጀምሮ ግን እባካችሁ አትንኩልኝ።» መልሱ እንደ ጠጠር ዘነበበት። «ጠገበ ማለት ነው።» «ሰው ሲያልፍለት ዘመድ ያስጠላዋል።» የአጎቱ ልጅ ደግሞ «እኔ ቀድሞም አልነካሁም» ብሎ ጻፈ፤ በቤተሰቡ ታሪክ ስንፍና ለመጀመሪያ ጊዜ ውለታ ሆኖ ተመዘገበ። ኮማንደር ከግሩፑ ወጡ።

ሰኞ ፐርሰንት ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተዘረገፈ። «ያ ሁሉ ፐርሰንት ዘመድ ነበር?»

«መቶ በመቶ።»

«አንድ ሰው ደጋግሞ ቢነካ የኢንተርኔቱ ማሽን ይነቃበታል። ሠላሳ ሦስት ሰው በሠላሳ ሦስት ስልክ ሲነካ ግን... ደንበኛ መሰሉኝ። ግራፉን ለሌሎች ደንበኞች እኮ አሳየሁት።» ከመጋረጃው ወዲያ የጥርስ መፍጫው ጮኸ። «እሺ። ማስታወቂያውን በመላ አገሪቱ ነበር የለቀቅኩት፤ አሁን ለአንተ ሰፈር አካባቢ ብቻ። ቃሉንም እንለውጥ። አዲስ ሶፋ የሚፈልግ ሰው አይምጣብን። ‹የፈርኒቸር እድሳት› ብለው የሚፈልጉትን ብቻ...»

«እንደዚያ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ሶፋ አዳሹ።

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

«ሲደውሉልኝ ‹ሶፋዬ ጎደጎደ› ነው የሚሉት። ‹ስፕሪንጉ ይወጋኛል› ይላሉ። አንዷማ ‹ስቀመጥ ይውጠኛል› አለችኝ።»

ፐርሰንት ሁሉንም ጻፈ፤ እንደ ተማሪ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ።

በማግሥቱ የነኩት አራት ሰዎች ናቸው። ከሰባ ወደ አራት! ሶፋ አዳሹ በቃ አለቀልኝ ብሎ ሱቁ ውስጥ ዕቃ መሸከፍ ጀመረ። መዶሻውን በጨርቅ ሲጠቀልል ስልኩ ጮኸ። «ሶፋዬ ጎደጎደ» አለች አንዲት ሴት። ከሰዓት በኋላ ሌላ ደወለ። ረቡዕ ማንም አልደወለም፤ ሐሙስ ሁለት። ዕቃውን ጠቅልሎ ፈታ፣ ፈትቶ ጠቀለለ።

ወሩ ባለቀ ዕለት ሰባት ሶፋ ገብቶለታል። አሥር አልሞላም። ቃል ቃል ነውና ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አውርዶ ጠበቀ። ፎርማኑ ከእህቱ ጋር እየተንቃጨለ መጣ። በሩ ላይ ግን ቆመ፤ መግቢያ የለም። ሰባቱም ሶፋ ሆዳቸው ተዘርግፎ፣ ስፕሪንጋቸው ተጎልጉሎ መሬቱን ሞልተውታል።

«ሰባት ነው» አለ ሶፋ አዳሹ፤ ቁልፉን ዘረጋ። «ተሸንፌያለሁ።»

«ሰኞ ግባ እንግዲህ» አለ ፎርማኑ።

ሚስቱ ሶፋዎቹን አየች። «እነዚህንስ? ሆዳቸውን ቀደህ ለማን ነው ጥለሃቸው የምትሄደው?»

«ቃልሽን...»

«አሥር ብያለሁ፣ አዎ። የሰው ዕቃ ተዘርግፎ ይቅር ግን አላልኩም። መጀመሪያ ጨርሳቸው።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ ፎርማኑ።

«ሦስት ሳምንት።»

«በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ቢመጣስ?»

ሶፋ አዳሹ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ጣሪያውን አየች። ፎርማኑ ጭንቅላቱን አከከ። «ቆይ፣ ሰባ ሰው ሲነካህ አንድም አልመጣም። አሁን አራት ሲነካህ ሰባት መጣ። እንዴት ነው ነገሩ?»

«አራቱ በቀን ነው።»

«ሰባውስ?»

«እሱም በቀን ነው።»

«ታዲያ?»

«እኔ እንጃ» አለ ሶፋ አዳሹ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ስፕሪንጉ ላይ እየተንበረከከ። «እግርህን አንሳልኝ፤ ምስማሬ ላይ ቆመሃል።»