ዳማን ያሰርኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቤዛ ከሮቤ ገበያ አንድ ቡችላ በካርቶን ይዛ መጣች። ቡችላው የሰጠነውን ወተት እስኪጨርስ አጠገቤ ቁጭ ብላ በስልኳ የውሻ ማሰሪያ ታሳየኝ ጀመር። ሰንሰለት አለ፤ እየተሳበ የሚረዝም አለ፤ ደረት ላይ የሚታሰርም አለ። «እማማ፣ የትኛው ይሻላል?» አለችኝ። እኔን መጠየቋ አሳቀኝ። በዕድሜዬ ውሻ አስሬ የመራሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በሰው እርዳታ ነው የተሳካልኝ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከሮቤ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ዳማ የሚባል ቀላ ያለ ትልቅ ውሻ ነበረን። በጎቻችንን ከጅብ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ገመድ የሚባል ነገር አንገቱን ነክቶት አያውቅም። እኛ ዘንድ የሚታሰረው ፈረስና ጥጃ ነው፤ ውሻ ራሱን ያስተዳድራል። ገብሱ ቢጫ መምሰል በጀመረበት በዚያ ጥቅምት ግን አንድ እብድ ውሻ የጎረቤት ጥጃ ነከሰና ቀበሌው አስነገረ፦ ሐሙስ ክትባት አለ፣ ውሻ ሁሉ ታስሮ ይምጣ፣ ያልተከተበ በመርዝ ይወገዳል። አባቴ በግ ሊሸጥ ወደ ጎሮ ሲወጣ፣ «ዳማን አደራ፤ ካንቺ ሌላ የሚሰማው የለም» አለኝ።

አደራው ኩራት ሰጠኝ። ስለዚህ ከቤቱ ማሰሪያ ሁሉ ምርጡን፣ አባቴ ፈረሱን የሚስብበትን የበሬ ቆዳ ጠፍር አወረድኩ። እንዳይደርቅ በየክረምቱ ቅቤ ይቀባው ነበር፤ ከእኔ ፀጉር ይልቅ ቅቤ የሚያገኘው ያ ጠፍር ነበር። ፈረስ የያዘ ውሻ መያዝ እንዴት ያቅተዋል አልኩ። ውሻ ቆዳና ቅቤ እንደሚወድ አጥቼው አይደለም። ያኔ የታየኝ ግን ፈረሱ እንጂ ውሻው አልነበረም።

ክትባቱ ከገበያው በታች ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ አንዱ ውሻውን በሰንሰለት፣ ሌላው በአሮጌ ነጠላ ይዞ ቆሟል። እኔ ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ወሬ ያዝኩ። ዳማ እግሬ ስር ተኝቶ ጸጥ ብሏል፤ ጨዋነቱን ለጓደኛዬ አሞገስኩላት። ተራዬ ሊደርስ ሲል ጠፍሩን ሳብ ባደርገው፣ እጄ ላይ የቀረው አንድ ክንድ የማይሞላ እርጥብ ቁራጭ ነው። ውሻው ገብሱ ውስጥ ገብቷል።

ከማሳ ማሳ ስሮጥ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ያገኘሁት ኮርቻ ሰፊው ጎረቤታችን ሐጂ ከድር አጥር ጥግ ነው። ከአጥራቸው የናይሎን ሲባጎ ፈትቼ ሸምቀቆ አጠለቅኩለትና ጎተትኩ። በጎተትኩት ቁጥር ወደ ኋላ ይላል፤ ወደ ኋላ ባለ ቁጥር ሸምቀቆው ይጠብቃል። ምላሱ ወጣ። ከመርዙ በፊት እኔው ልገድለው ነው ብዬ አለቀስኩ።

ሐጂ ከድር ለከሰዓት በኋላው የዓስር ሶላት ታጥበው ሊወጡ ነበር። «ኢንታላ ኮ፣ ልቀቂው!» ብለው ጮኹ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ውሻ በሩቁ የሚሉት ሰውዬ ተንበርክከው ጣታቸውን ከሲባጎው ስር ሰደዱና ሸምቀቆውን ፈታ አደረጉት። ከዚያም ለኮርቻ ማሰሪያ ካዘጋጁት ሰፊ የጥጥ ጥብጣብ አንዱን አምጥተው አንገቱ ላይ አሰሩለት።

«ሁለት ጣት ካላስገባ ማነቂያ ነው። ከዚያ ከሰፋ ደግሞ አውልቆት ይሄዳል። አትጎትቺው፣ ላላ ሲል ይከተልሻል።»

ዳማ ይህን ሁሉ ጊዜ እጃቸውን ይልስ ነበር።

«ሐጂ፣ እጅዎን…» አልኩ።

«አየሁት። ወላሂ፣ ውሃ አልጠፋም። ነይ፣ ሰዎቹ ሳይሄዱብሽ!»

ጥብጣቡን ራሳቸው ይዘው አብረውኝ ወረዱ። ከታቢው ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለና ሐጂን ሲያይ አፍሮ ሳጥኑን እንደገና ከፈተ። ዳማ ተከተበ፤ ለመከተቡ ምልክት ግንባሩ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ።

ስንመለስ ሐጂ ደጃፋቸው ላይ ቁጢጥ አሉ። በእነሱ ደንብ የውሻ ምራቅ የነካው እጅ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱም በአፈር ነው። ማንቆርቆሪያውን በአንድ እጃቸው እያዘነበሉ፣ አፈሩን እያሹ፣ የሶላቱ ሰዓት እየሮጠባቸው ታጠቡ። እኔ የዳማን ግንባር ለመንገደኛ እያሳየሁ ቆጠርኩላቸው፤ ሰባት ሞላ።

ይህን ለቤዛ ነገርኳትና፣ «ሰፊውን የጨርቁን ግዢ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባውን» አልኳት። እሷ ግን ስልኩን አስቀምጣ ታየኛለች።

«ውሃውን አፈሰስሽላቸው?»

«አላፈሰስኩም።»

ለሽማግሌ ውሃ ማፍሰስ ሳይነግሩን የምናውቀው ነገር ነበር። አባቴ ስለ ጠፍሩ የተቆጣኝን ረስቼዋለሁ፤ ይህኛው ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሐጂ ካረፉም ብዙ ዘመናቸው ነው።

ቡችላው እጄን ሲልስ ቆይቶ ነበርና ልታጠብ ተነሳሁ። ቤዛ ሳልጠራት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ተከተለችኝ።