ኦሲሎስኮፑን ቤቴ የከፈትኩ ቀን

ሶዶ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ትምህርት ቤታችን አንድ ያረጀ ኦሲሎስኮፕ ደረሰው። ኦሲሎስኮፕ ማለት የኤሌክትሪክን መውጣትና መውረድ በመስታወት ላይ በብርሃን መስመር የሚስል መሣሪያ ነው። ተማሪዎቼ ያን መስመር እንዲያዩ ጓጉቼ ነበር፤ ልኬቱ ግን ተዛብቷል። የአንድ ተኩል ቮልት የባትሪ ድንጋይ ሳገናኝበት፣ መስመሩ መስታወቱ ላይ ከተሰመሩት ካሬዎች አንድ ካሬ ተኩል መውጣት ሲገባው አንድ ካሬ ብቻ ወጥቶ ይቆማል።

ዳይሬክተሩ አዲስ አበባ ወዳለ ባለሙያ ይላክ አለ። "ከፍለን እናሠራዋለን። ዘንድሮ ባይደርስ ለከርሞ ይደርሳል።"

"ለከርሞ እነዚህ ልጆች የሉም። እኔው ቤቴ አስተካክለዋለሁ።"

"ከሰበርከውስ?"

"አልሰብረውም።"

ቀን ቀን ኤሌክትሪክ የሚገኘው አከራዬ ዘንድ ነበር። ጓሮው ካለው የወፍጮ ቤቱ ሞተር ጋር ትንሽ ጄነሬተር አያይዞ ለእኔም ክፍል ሽቦ ስቦልኛል። እኔም ስለ ኤሌክትሪክ አስተምረዋለሁ፤ ሳይጠይቀኝም አስተምረዋለሁ። በተለይ አንድ ነገር ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፦ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው በእጅ አይነካም፤ በደረቅ እንጨት መትቶ ማላቀቅ ነው። እሱም ወፍጮ ተራ ለሚጠብቁት ሴቶች ይህንኑ ይሰብክ ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ክዳኑን ፈታሁ። ማስተካከያዋ ብሎን ከውስጥ ስለሆነች የምትዞረው መሣሪያው እየሠራ ነው። ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በደረቴ እንዳያልፍ፣ እንደ ሥርዓቱ ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በቀኜ ካቻቢቴውን አስገባሁ። ትንሽ ሳዞር መስመሩ ከፍ አለ። ትንሽ ጨመርኩ። አንድ ካሬ ተኩል! በደስታ ግራ እጄን ከኪሴ አውጥቼ የመሣሪያውን ቆርቆሮ ያዝኩ። ቀኝ ጣቴ ለካ የካቻቢቴውን ብረት ነክቶ ኖሯል።

ደረቴን ፈረስ የረገጠኝ መሰለኝ። ጥርሴ ምላሴን ዘነጠለው፤ ከነወንበሬ ወደ ኋላ ተሽቀንጥሬ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ከመሣሪያው ተላቅቄያለሁ፤ ሰውነቴ ግን ይንቀጠቀጣል። ጩኸቴን የሰማው አከራዬ የበቆሎ መውቀጫ ዘነዘና ይዞ በሩን በርግዶ ገባ።

"ይዞታል! ገና ይዞታል!"

"ጋሼ፣ ለቆኛል..."

ዘነዘናው ቀኝ ክንዴ ላይ አረፈ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። በሕመም ስንፈራገጥ ጊዜ "አሁንም አለቀቀውም!" ብሎ ትከሻዬን ደገመኝ፤ ጎኔን ሠለሰኝ።

አንዲት ሴት ከበሩ ላይ ጮኸች። "ልጁ ምን አደረገህ? ያንን ሳጥን ምታው እንጂ!"

ዞሮ መታው። መስታወቱ እንደ ጠመንጃ ፈነዳ። ስብርባሪው የእሱን ግንባር፣ የእኔን ጉንጭ ሰነጠቀ። ደሙ ዓይኑን እየሸፈነው ዘነዘናውን እንዳነሣ ቆመ። ወፍጮው ከጓሮ መፍጨቱን አላቋረጠም።

ኦቶና ሆስፒታል ክንዴ በጀሶ ሲታሸግ፣ እሱ ግንባሩ ተሰፍቶ አጠገቤ ተቀምጧል።

"ደረቅ እንጨት ብለህ የለ፣ መምህር?"

"ብያለሁ፣ ጋሼ።"

"አብዝቼው ይሆን?"

"ሞተሩን ብታጠፋው እኮ ይበቃ ነበር።"

ግንባሩን እየዳሰሰ አየኝ። "እሱንማ አልነገርከኝም።"

እውነቱን ነው። ያን ሁሉ ስተነትን ይህን ዘልዬዋለሁ።

ዳይሬክተሩ ስብርባሪውን በካርቶን ሰብስቦ "አሁን ባለሙያም አያድነው" አለኝ። ሰኞ ክፍል ገብቼ ልጆቹ ሊያዩት የነበረውን መስመር በግራ እጄ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳልኩላቸው፤ እንደ ገሱባ መንገድ ወጣ ገባ ሆነ። ከበላዩ ግን በትልልቁ ጻፍኩ፦ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ።