የሰዒድ ሳውና እና የእኔ ሽምግልና

ጠዋት፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ

በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ለሽምግልና ተጠርቻለሁ። በአማት የተጣላ አስታርቄያለሁ፣ በቅናት የተኳረፈ አስታርቄያለሁ። በሳውና የተጣሉ ባልና ሚስት ለማስታረቅ መኪና ሳስነሳ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የመጋቢት ቅዳሜ ነበር፤ ሴንትራል አቬኑ ዳር የተቆለለው በረዶ ጠቁሮ እየቀለጠ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ባለቤቴ ትዕግስት በመኪናው መስኮት በኩል አንድ ጋቢ እና አንድ ፎጣ አቀበለችኝ።

«ላብህን ይዘህ ውጭ እንዳትወጣ» አለችኝ። «ብርድ ቢመታህ የሚያስታምምህ የለም። እኔ ዛሬ ሺፍት አለኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዒድ የሩጫ ጓደኛዬ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ቤቱ አፕል ቫሊ ነው። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት ባስ እነዳለሁ። ሁለታችንም ተቀምጠን የምንውል ሰዎች ስለሆንን ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ ዙሪያ እንሮጣለን። አምና ማራቶን ሞክረን ሰዒድ ባቱ እየተኮማተረ ግማሽ ላይ አቋረጠ። ያ ነገር በጣም አናደደው። ከዚያ ወዲህ ዊንተሩን ሙሉ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ በገዛ እጁ ሳውና የሚሉትን የማላቢያ ክፍል ሲሠራ ከረመ። ከሩጫ መልስ ሲገባበት ባቱ ይፍታታል፣ ለዓመታት የሸሸው እንቅልፍም ይመጣለታል።

ሚስቱ ሐዋ ግን ፊቱ አመድ መስሎ፣ ጭንቅላቱን ይዞ ሲወጣ አየችው። አንድ ቀን እንዲያውም ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ መነሳት አቃተው። ሐኪም አይቶት «ልብህ ደህና ነው፤ ውሃ ጠጣ፣ ብዙ አትቆይ» ብሎ ሸኘው። ሐዋ ግን አልተጽናናችም። አባቷ ምንም ሳይታመሙ አንድ ጠዋት ከሶላት ሲነሱ ወድቀው ነው የሞቱት። ስለዚህ ቁርጡን ነገረችው፤ ወይ ሳውናው ይፈርሳል፣ ወይ እሷ እህቷ ቤት ትሄዳለች። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ «ጋሽ ታደሰ ይምጡና ይግቡበት፤ እሳቸው ያሉት ይሁን» ተባባሉ፤ ጋሽ ታደሰ እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበረ። ዳኛው ሳውና ምን እንደሆነ አያውቅም! በወጣትነቴ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ስቲም ገብቼ አውቃለሁ፤ እሱ ደግሞ ጉም ነው፣ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው አይታይህም። ስለዚህ መጀመሪያ ሜፕልዉድ፣ ሳውና ያለው የሥራ ባልደረባዬ ጋ ሄጄ ትንሽ ልማር፣ ከዚያ አፕል ቫሊ ሄጄ ልፍረድ ብዬ ተነሳሁ።

ሜፕልዉድ፣ የሮይ ጓሮ

በ694 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። በረዶው ሲለቅ አስፋልቱ ጉድጓድ ብቻ ሆኗል፤ አንዱን ሳመልጥ ሌላው ውስጥ እገባለሁ። የገበያ ማዕከሉ አጠገብ ወርጄ ለሰዒድ ቤት ሐብሐብ ገዛሁ። በዚህ ብርድ ሐብሐብ ስምንት ዶላር! ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ እያጉረመረምኩ ከፈልኩ።

ሮይ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እንደኔው ባስ ይነዳል። አያቱ የሳውና አገር ከሆነችው ከፊንላንድ መጥተው በስተሰሜን ማዕድን ማውጫ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ሥራ ቦታ ነገሩን ሳጫውተው ከት ብሎ ስቆ «ቅዳሜ ና፤ ሳይሞቅህ አትፍረድ» ብሎኝ ነበር። ሳውናው ጓሮው ውስጥ ለብቻው ቆሟል፤ አዲስ አበባ ግቢ በር ላይ ያለች የዘበኛ ቤት ታክላለች። ውስጡ እንጨት በእንጨት ነው። ጥግ ላይ የብረት ምድጃ አለ፤ ምድጃው ላይ ድንጋይ ተከምሯል። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያሉ ሁለት አግዳሚዎች ግድግዳውን ተከትለው ሄደዋል።

«ጀማሪ ታች ነው የሚቀመጠው» አለኝ ሮይ።

እኔ ደግሞ ሰው ሲያዘኝ አልወድም፤ ላይ ወጣሁ። ሮይ ወደ ምድጃው ጠጋ አለ። በእንጨት ጭልፋ ውሃ ቀድቶ ድንጋዩ ላይ አፈሰሰ። ጩስ አለና ትኩስ እንፋሎት መጥቶ ጆሮዬን ሲለበልበኝ «ኧረ ጌታዬ!» ብዬ በአንዴ ታች ተገኘሁ። የሮይ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ታች ሲሆን ደስ ይላል። ሙቀቱ ደረቅ ነው፤ ቀስ እያለ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ወገቤ፣ ያ የባስ ወንበር ያደረቀው ወገቤ፣ ሲላላ ተሰማኝ። የገረመኝ ዝምታው ነው። ሥራ ቦታ አፉ የማያርፍ ሮይ እዚህ ትንፍሽ አይልም። ለምን ብዬ ብጠይቀው «አያቴ እዚህ ውስጥ ማውራት አይወዱም ነበር» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ በባዶ እግሩ፣ በቁምጣ ብቻ ወጥቶ በረዶው ላይ ቆመ። በትንሿ መስኮት አየዋለሁ፤ ገላው ይጨሳል። ሰውየው አብዷል አልኩ በሆዴ።

ብቻዬን ስቀር ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከምድጃው ሥር መዳፍ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ነፋስ ይገባባታል። አያችሁ ይህን ጥንቃቄ የጎደለው ሠራተኛ! ትዕግስት የሰጠችኝን ፎጣ ጠቅልዬ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኳት። እኛ እኮ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ሊገድለን የመጣ የሚመስለን ሰዎች ነን። ላብ ላይ ነፋስ ሲገባ ዝም ብዬ ልይ?

ብዙም ሳይቆይ ጭንቅላቴ ከበደኝ። ሙቀቱ አልጨመረም፣ አየሩ ግን ወፈረብኝ። ሮይ በሩን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ወደ ታች አየ።

«ይህን ማን ደፈነው?»

«እኔ ነኝ። ነፋስ ይገባል እኮ።»

«እንዲገባ ነው የተሠራው!» ፎጣውን መዞ አወጣው። «ንጹሑ አየር በታች ገብቶ በምድጃው ይሞቃል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያገለገለው ደግሞ በዚያ በወዲያኛው ቀዳዳ ይሄዳል። ከደፈንከው ያወጣኸውን ትንፋሽ መልሰህ መላልሰህ ትስባለህ።»

አፈርኩ። ከዚያ በሩ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ እንደ ሙሽራ ቆምኩ፤ ሮይ ስንት ቢለምነኝ በረዶው ላይ እግሬን አላሳረፍኩም።

በ35E ወደ ደቡብ

ሴንት ፖል መሐል ሲደርስ መንገዱ ፍጥነት ቀንሱ ይላል፤ ሁሉም በግድ ቀስ ይላል። እኔም ቀስ ብዬ፣ በቀኝ የካቴድራሉን ጉልላት እያየሁ፣ ስለ ፍርዴ ማሰብ ጀመርኩ። ሰውነቴ ቀሎኛል። እውነት እላችኋለሁ፣ ባለፈው ሳምንት ከሮጥኩ ጀምሮ ሲያመኝ የነበረው ጭኔ ተለቆልኛል። ታዲያ ሰዒድ እውነቱን ነው ማለት ነው። ግን ሐዋስ? ሰው ሲወድቅ ያየች ሴት «አይዞሽ፣ ደስ የሚል ሙቀት ነው» ሲሏት ምን ትላለች? «ይቆይ» ብዬ ፈርጄ ሰውየው አንድ ነገር ቢሆን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ወንዙን ተሻግሬ አፕል ቫሊ እስክደርስ ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

አፕል ቫሊ

«ምነው ተቸገሩ?» አለች ሐዋ ሐብሐቡን ተቀብላ። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ እኔ ግን «ሥራ ይቅደም» አልኩና ተቀምጠን ነገሩን ጀመርን።

ሰዒድ ቀደመ። «ታዴ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያናድደኝ። ይህን ሁሉ ወራት ስቆርጥ ስመታ አንድ ቀን እንኳ ወርዳ አላየችውም። አንድ ቀን! ጠላት የሠራው ይመስል።»

«ምኑን ልይ?» አለች። «ባሌ የሚሞትበትን ሳጥን?»

«ሐዋዬ፣ እናንተስ አገር ሴቶች የወይባ ጭስ ይሞቁ የለ? ያም ላብ ነው፣ ይህም ላብ ነው» አልኳት፣ ነገሩን ላለዝብ ብዬ።

«ወይባ ሌላ ነው፣ ጋሽ ታደሰ። ገላ ነው በብርድ ልብስ የሚሸፈነው፤ ራስ ውጭ ነው። አየር እየተሳበ ነው የሚሞቀው። ወላሂ ራሱን የሸፈነ ሰው እዚያው ይቀራል።»

ነገሩን በዓይኔ ልየው ብዬ ተነሳሁ። ሰዒድና እኔ ወረድን።

እንዴት ያለ ሥራ ነው! ሳንቃው አንድ በአንድ ተልጎ ተገጥሟል፤ ክፍሉ የአዲስ እንጨት ሽታ ይሸታል። ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው። ገብተን ዝቅተኛው አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ያ የሜፕልዉዱ ክብደት ጭንቅላቴ ላይ መጣ። ሰዒድን ሳየው እሱም ግንባሩን ያሻል።

«አየር መግቢያ አልሠራህለትም እንዴ?»

«ሠርቻለሁ እንጂ! ከምድጃው ሥር ነው። በቪዲዮ እያየሁ ልክ እንደሚሉት ነው ያደረግኩት።»

እጄን ወደ ቀዳዳው ሰደድኩ። ምንም አየር የለም። ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁና ዞሬ በግድግዳው ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ሄድኩ። ቀዳዳው በዚያ በኩል ነው የሚወጣው። ውስጡ በሥርዓት የታጠፈ የሴት ሻርፕ ተጠቅጥቋል፤ መዝዤ አወጣሁት።

ቀና ስል ሐዋ ደረጃው ላይ ቆማለች። ጫማዋን አውልቃ ስለነበር ስትወርድ አልሰማኋትም።

«እኔ ነኝ» አለች በሹክሹክታ። «አይንገሩብኝ።»

«መቼ ነው የምታደርጊው?»

«ሁልጊዜ። እሱ ሲገባ እወርዳለሁ፣ ሊወጣ ሲል አነሳዋለሁ። ሮጦ መጥቶ፣ በዚያ ሁሉ ላብ ላይ ነፋስ ይምታው? እስኪወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ካየኝ 'እሺ ብላ ተቀበለችው' ብሎ ማፍረሱን ይተዋል ብዬ ነው የምደበቀው።»

ሮይ ያስረዳኝን አስረዳኋት፤ እኔም ጠዋት ያንኑ እንዳደረግኩ፣ እኔም ጭንቅላቴን እንደያዝኩ ነገርኳት። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ከብርድ ስጠብቀው ነበራ የማፍነው?»

ልቤ ተነካ። ሽማግሌ ለሰላም ሲል ትንሽ ቢዋሽ ነውር የለበትም። «እኔ አሮጌ ጨርቅ አገኘሁ እለዋለሁ፤ ያንቺ መሆኑን ማንም አያውቅም» አልኳት።

ሻርፑን ከእጄ ወሰደችና ተነሳች። «አይሆንም። እኔው እነግረዋለሁ።»

የሳውናውን በር ከፈተች። ሰዒድ ከአግዳሚው ላይ ቀና ብሎ አያት፤ ሻርፑንም አየ። ሁሉንም ነገረችው፣ አንድም ሳታስቀር። ልቧ ምን ያህል እንደፈራ፣ ስለ አባቷም ጭምር። እኔ ይቆጣል ብዬ መሐል ለመግባት ተዘጋጅቼ ነበር። ሰዒድ ግን ስለ ቀዳዳው አንድ ቃል አልጠየቀም።

«ሁልጊዜ ትወርጂ ነበር?» አላት።

«ሁልጊዜ።»

«በዚህ ቅዝቃዜ፣ እዚህ ደረጃ ላይ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የሰዒድ ዓይን እንባ ሞላ። «እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳ አልወረደችም እያልኩ ነበር» አለ። እኔ ፊቴን ወደ ልብስ ማጠቢያው አዞርኩ።

ውሃ ጠጥተን፣ ካረፍን በኋላ ሰዒድና እኔ ቀዳዳውን ከፍተን ለአጭር ጊዜ ተመልሰን ገባን። አየሩ እግራችን ሥር ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ ጭንቅላቴ ጥርት እንዳለ ወጣሁ። የምፈርደው ነገር አልቀረልኝም፤ ሐዋ ራሷ ፈረደች። ብዙ አይቆይም፣ ውሃ ሳይዝ አይገባም፣ እሷ ቤት ከሌለች ጭራሽ አይሞከርም። ሰዒድ ለሁሉም እሺ አለ። እኔ ለሽምግልናዬ ምስር ወጥ በልቼ፣ የገዛ ሐብሐቤ ተቆርጦልኝ ተነሳሁ።

ወደ ቤት

በ77 ወጥቼ በ35W ወደ ሰሜን ስመለስ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ትዕግስት ከሺፍቷ ገብታ ጠበቀችኝ።

«ማን ተረታ?» አለችኝ ገና በር ላይ።

«እኔ» አልኳት። «ነፋስ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።»

ሁሉን ስነግራት ሳቋን ጀመረችና መሐል ላይ ተወችው። ሐዋ ደረጃው ላይ የተቀመጠችበትን ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ከዚህ ጉዞ ስለ ሳውና የተማርኩት አየር የሌለበት ሙቀት በሽታ መሆኑን ነው። ስለ ሽምግልና የተማርኩት ይበልጣል። እስካሁን ባልና ሚስት ሲጣሉ ምን እንደተባባሉ ነበር የምጠይቀው። አንዱ ለሌላው በድብቅ ምን ሲያደርግ እንደኖረ ጠይቄ አላውቅም።

ማክሰኞ ሰዒድ ደውሎ «ታዴ፣ መጋዝህን ታመጣልኛለህ?» አለኝ። ክው አልኩ፤ ሊያፈርሰው ነው ብዬ።

«ምን ሆናችሁ ደግሞ?»

«ምንም አልሆንን። ሐዋ የታችኛው አግዳሚ ለሁለት ሰው ይጠባል ብላለች።»