ሁለት ሆነን የተከራየነው ቤት

ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያሉት አከራያችን ለአንዲት ሴት ብቻ ቤት አያከራዩም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብለው፣ ልብስ ሰፊዋን እኔንና አንዲት የማላውቃትን አስተማሪ አንድ ውል ላይ አስፈረሙን። ክፍሉ ሁለት፣ ኃላፊነቱ አንድ፤ አንዷ ብታጠፋ ሌላዋ ትጠየቃለች። እሷ መስታወት ሰበረች፣ ቁጣው እኔ ላይ ወረደ። እኔ ቧንቧ ሳልዘጋ ወጣሁ፣ የተወረፈችው እሷ። «ወይ ጣጣ! ሳንዳር ተዳርን እኮ!» ትለኝ ነበር።

አዴ፣ እናታችን እንደማለት፣ እንላቸዋለን አከራያችንን። ሲመሽ የግቢውን በር የሚቀረቅሩት ሁለታችንም ስንገባ ብቻ ነው። አንዳችን ውጭ ከሆንን በሩን በድንጋይ ደገፍ አድርገው ይተዉታል። እሷ ከትምህርት ቤት አምሽታ ስትመጣ፣ ድንጋዩን ስትገፋው ሰምቼ ወጡን አሞቅ ነበር።

እናቷን ልትጠይቅ ኪራሙ ሄደች። «እሑድ እመጣለሁ፤ ሽሮዬን ጨርሰሽ እንዳትጠብቂኝ!» አለች። ጸጥታው ደፈረሰና መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። እሑዱ አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ። ሽሮዋን አልነካሁትም። ኪራዩን እንደምንም ብቻዬን ቻልኩት፤ ብቻዬን መብላት ግን አቃተኝ። ለካ ሰው ንትርኩም ይናፍቃል!

አዴ በሩን በጊዜ መቀርቀር ጀመሩ። እውነታቸውን ነው፣ ጊዜው ክፉ ነው። መቀርቀሪያው በተዘጋ ቁጥር ግን እሷ ላይ የተዘጋ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብቻሽን አትዘልቂውም። ሌላ ልጅ እናስገባና ውሉን እንቀይረው» አሉኝ። ለዚህ ደግሞ ቀበሌ ቀርቤ «ለቃ ሄዳለች» ብዬ መመስከር ነበረብኝ። ካልመሰከርኩ የቤቱ ሸክም ሁሉ በእኔ ላይ ይቀራል፣ አንድ ወር ቢያቅተኝ እወጣለሁ። ከመሰከርኩ ደግሞ፣ ስትመጣ የምትገባበት የላትም። ምን ልሁን?

አብረን ሄድን። የቀበሌው ሠራተኛ «ልጅቷ ቤቱን ለቃለች?» አለኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። «ኧረ አልለቀቀችም» አልኩ። «እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነው።»

«መቼ ትመጣለች?»

አዴን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ፤ ያን ሁሉ መንገድ ያመጡኝ ለዚህ አልነበረም።

«ትመጣለች ተባልክ እኮ!» አሉት አዴ ብድግ ብለው። «ምነው አንተ፣ ሰው እናቱን አይጠይቅም?»

እስከ ቤት ድረስ ጥለውኝ ከፊት ከፊት ሄዱ። በቃ፣ ተቀይመውኛል ብዬ ነበር። ሲመሽ ክፍሌ ቁጭ ብዬ መቀርቀሪያውን ጠበቅሁ፤ አልተሰማም። ወጥቼ ሳይ በሩ በድንጋይ ተደግፏል።

«አዴ፣ በሩን ረሱት እንዴ?» አልኳቸው።

«መች ሁለታችሁም ገባችሁ?» አሉኝ።

ገብቼ አለቀስኩ። ዛሬም ወጥ ከሠራሁ በኋላ፣ ሳልበላ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምናልባት ድንጋዩን ስትገፋው እሰማ እንደሆነ።