የእናቴ ጉልበት

ልጅ ሳለሁ በቤታችን ይነገር የነበረ አንድ ተረት ዛሬም ሳስታውሰው ደሜን ያፈላዋል። ነጋሪው የአባቴ አባት፣ አባባ ነበሩ። ያኔ ከሙጃ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ማታ ማታ ምድጃው ዳር ሲቀመጡ የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ይሰበሰባሉ፤ የኩበቱ ጢስ ዓይናችንን እያቃጠለን አፋችንን ከፍተን እናዳምጣቸው ነበር።

ተረቱ ስለ አንዲት ሰነፍ ሴት ነው። ውሃ ላለመቅዳት ስትል ጉልበቴን አመመኝ እያለች ትተኛለች፤ ባሏም ያምናታል። በመጨረሻ የዋሸችበት ጉልበት የእውነት ደርቆ ይቀራል። አባባ እዚህ ላይ ሲደርሱ አነሳሷን እያስመሰሉ ያቃስታሉ፤ ልጆቹ በሳቅ ይንከተከታሉ።

እኔ አልስቅም ነበር። ከኩራዙ ብርሃን ወዲያ እናቴ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለችና። ያኔ ገና ወጣት ነበረች፤ ጧትና ማታ ጀሪካን አዝላ ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ዳገቱን ትወጣለች፤ ስትነሳ ጉልበቷ ሲንቋቋ እሰማው ነበር። አባባ ስሟን አይጠሩም፤ መጥራትም አላስፈለጋቸውም። ሳቁ ሲበርድ እናቴ ተነስታ እግራቸውን ታጥባቸዋለች።

አድጌ ላሊበላ ከተማ ሥራ ከያዝኩ በኋላ እናቴ ዳገቱ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ሐኪም ቤት አጥንቷ ሳስቷል፣ የጉልበቷ መጋጠሚያም ተበልቷል አሉን። በዚያው ሰሞን አዩርቬዳ የሚባለውን የአገራቸውን ባህላዊ ሕክምና የተማሩ አንዲት ህንዳዊት ሐኪም ከተማው ውስጥ በሽተኛ ያዩ ነበርና ወሰድኳት። ሐኪሟ በአስተርጓሚ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመራት ጠየቋት። እናቴ አንገቷን ደፍታ፣

«ሰንፌ እኮ አይደለም፣ ዶክተር» አለች።

አስተርጓሚው ግራ ገብቶት ዞሮ አየኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያማታል ብዬ እኔ መለስኩ።

ሐኪሟ ምን እንደምትሸከም፣ ምን እንደምትበላ፣ ብርድ ላይ ትውል እንደሆነ ጠየቁ። በእነሱ ትምህርት ሸክም፣ ብርድ፣ ደረቅ ምግብና ዕድሜ ሲደራረቡ በሰውነት ውስጥ ያለው ነፋስ ይበዛል፤ ነፋሱም መጋጠሚያውን ያደርቃል፣ አጥንቱን ያሳሳል አሉን። የሰሊጥ ዘይት አሙቀው ጉልበቷን ሲያሹላት እናቴ አለቀሰች። ዘይቱ ሕመሙን ያስታግስ ይሆናል እንጂ ያለቀውን አይመልስም፣ የሐኪም ቤቱን መድኃኒት እንዳታቋርጪ፣ ሸክሙን ግን ተዪው አሏት።

መንደር ስመልሳት አባባን ልጆች ከበዋቸው አገኘኋቸው። ያንን ተረት ሁለተኛ እንዳይናገሩት፣ ውሃውንም ከእንግዲህ አባቴና ወንድሞቼ በአህያ እንዲያመጡ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። አባባ ከልባቸው ተገርመው አዩኝ።

«ተረት እኮ ነው፣ ልጄ።»

«እናቴ ግን አምናዋለች፣ አባባ።»

ከዚያ ወዲህ ውሃው በአህያ ይቀዳ ጀመር፤ ተረቱንም እኔ ባለሁበት አልደገሙትም። ሲያርፉ ለቀብራቸው አገር ተሰበሰበ፤ ጨዋታ አዋቂነታቸው ተነሳ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበሩም ትለኛለች፤ እውነቷን ይሆናል። ድምፃቸው ዛሬም በጆሮዬ አለ፤ ጣፋጭ ድምፅ ነበር። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ እንዲያ ያለ አንደበት ተሰጥቷቸው አንዲትን ሴት በሕመሟ ማሳፈሪያ አደረጉት። አሁንም ጉልበቷን በዘይት ሳሽላት ጎረቤት ብቅ ካለ፣ ቀሚሷን ቶሎ ጎትታ ትሸፍነዋለች።