አባቴ ያልነቀላት ማንጎ

ዛሬ አባቴ በዚያ እድሜው ገጀራ በያዙ ወጣቶች ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

ከከዚራ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ ከድሮው የባቡር ሀዲድ ዳር ቁጥቋጦ እየመነጠሩ ነበር። የደረስነው እዚያ ያለችውን ትልቅ ማንጎ ሊቆርጡ ሲሉ ነው።

"ይቺን ተዉልኝ፤ የእኔ ናት" አላቸው። እኔ ልጁ እንኳ ይህን ሰምቼ አላውቅም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሥራው ሀዲዱ አጠገብ የበቀለውን ሁሉ መንቀል ነው። (እጁ ከመልመዱ የተነሳ የእማዬን ጤና አዳም ሳይቀር አረም ብሎ ነቅሎባታል። እስከ ዛሬ ይነሳበታል።)

ይቺን ግን አልነቀላትም። ምሳ ሰዓት ላይ በልቶ የጣለው ፍሬ በቅሎ ሲያገኘው አንጀቱ አልቻለም።

"ችግኝ ሳለች፣ አለቃዬ ለቁጥጥር ሲመጣ እንዳያያት ኮቴን አለብሳት ነበር" አለን።

ወጣቶቹ ሳቁ። ገጀራቸውን አስቀምጠው ጥላዋ ሥር አረፍ አሉ። አባቴም የበሰለ የበሰለውን ለቅሞ አደላቸው።

በልተው ሲጨርሱ አንዷ ፍሬውን የት እንደምትጥል ጠየቀችው።

"እዚያው ሀዲዱ ዳር ወርውሪው፤ አሁን ነቃይ የለም" አላት።

እናንተ ሰፈርስ በልተው ከጣሉት ፍሬ የበቀለች ዛፍ አለች? የማን እንደሆነች ጠይቁና ጻፉልኝ። የማን ልጅ ነህ ካላችሁኝ፣ እኔ የነቃዩ ልጅ ነኝ።