በላፕቶፑ ባለቤት ስም

የአፎቻችን ሴቶች በስልክ ግሩፕ የከፈቱ ቀን ከሁሉም የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። አፎቻ ለሠርግና ለለቅሶ የምንረዳዳበት ማኅበር ነው፤ የጋራ ድስት፣ ትሪና ምንጣፍ አለው፤ ዕቃው ከቤት ቤት ሲዞር ደግሞ ይጠፋል። «ትሪው የታለ?» «እናንተ ጋ ነው።» «ኧረ እኛ መልሰናል፣ ወላሂ!» በዚያ ክረምት ዕቃው ማን ቤት እንዳለ የሚመዘግብ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። «ፕሮግራም እየሠራሁ» ብዬ ስጽፈው ዛሬም ፈገግ እላለሁ።

ላፕቶፕ ግን አልነበረኝም። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ ሸዋ በር ካለው ቤታቸው ከሰዓት ከሰዓት ያውሰኛል። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ሊቅም በርጫ ሲቀመጥ እኔ ሳሎን ኮድ እጽፋለሁ። እናቴን አልጣማትም።

«ሁለት ወር ሙሉ ሸዋ በር፣ ሸዋ በር! የምትሠሪውን በዓይኔ ካላየሁ ከሰኞ ጀምሮ ከዚህ በር አትወጪም።»

እናቴ ኮድ አታነብም፤ የግሩፑን መልእክት ግን አንድም አታሳልፍም። ስለዚህ ሁለቱን ላገናኛቸው አሰብኩ። ኮዴን የማስቀምጥበት ድረ ገጽ አንድ ነገር ባሻሻልኩ ቁጥር ማን ምን እንዳሻሻለ በራሱ ወደ ግሩፑ ይልካል፤ መልእክቱን የሚያደርስ ቦት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የአክስቴን ልጅ ልኬ የአፎቻውን ሊቀመንበር አስፈቀድኩ፤ እሱንም ቦቱንም ግሩፑ ውስጥ አስገቡልኝ። ቦቱ ሁለት ቀን እምቢ አለኝ። ለካ ከግሩፑ መለያ ቁጥር ፊት ያለችው የመቀነስ ምልክት የቁጥሩ አካል ናት! እኔ ተራ ሰረዝ መስላኝ እየተውኳት ነበር። ለአንዲት ጭረት ሁለት ቀን!

ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ምሳ ሊበላ እኛ ቤት መጣ። እናቴን ሳሎኑ ውስጥ ካለው ከፍ ያለ መደብ፣ ነደባው ላይ አስቀምጬ ስልኳን እጇ ላይ አደረግኩና «እማ፣ አሁን ተመልከቺ!» ብዬ ሥራዬን ወደ ድረ ገጹ ላክሁት። ስልኩ ጮኸ። ዘልዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ክው አልኩ።

መልእክቱ አናት ላይ ያለው የአክስቴ ልጅ ስም ነው፣ ከነአባቱ። ከሥሩ እኔ የጻፍኳት ማስታወሻ፦ «የትሪዎችና የድስቶች ዝርዝር ተጨምሯል።»

ላፕቶፑን የገዛ ቀን ስሙን ያስገባው እሱ ነው። ድረ ገጹ የሚያውቀው ላፕቶፑ የሚነግረውን እንጂ የማን ጣት እንደጻፈ አይደለም። እኛ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ለአራት ለአምስት እየተሻማን ነው የተማርነው፤ ውስጡ የማን ስም አለ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ምርቃቱ ይጎርፍ ጀመር። «ማሻአላህ!» «አላህ ይጨምርልህ የኔ ልጅ!» «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው!» ይቺ የመጨረሻዋ አንገበገበችኝ። ይባስ ብሎ ሌላ መልእክት መጣ፦ «አመሰግናለሁ እናቶቼ፣ ገና ብዙ እንሠራለን።» ቀና ስል የአክስቴ ልጅ በግራ እጁ ስልኩን ይነካካል፣ በቀኙ ይጎርሳል።

«አንተ! ምን ብለህ ነው የምታመሰግነው?»

«ሲመርቁኝ ዝም ልበል? ነውር እኮ ነው።»

«ምንህን ነው የመረቁህ? አንዲት መስመር ጽፈሃል?»

«አቦ አትጩኺብኝ! ላፕቶፑስ የማን ነው?»

እናቴ አየችኝ። «ሁለት ወር ስትመላለሺ... እሱ ሲሠራ ታዪ ነበር?»

እንባዬ ቢመጣም ላፕቶፑን ሳብኩና የሱን ስም አጥፍቼ የራሴን አስገባሁ። «እማ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ስለ ዕቃው፣ እሱ የማያውቀውን።»

ትንሽ አሰበች። «የትልቁ ድስት ክዳን ከፈረስ መጋላ ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ ጋ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ያለችውን እንዳለ ጽፌ ላክሁ። ስልኩ ጮኸ። እናቴ ስሜን በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። ከዚያ ወደ አክስቴ ልጅ ዞረች።

«ትልቁ ድስት ስንት ጆሮ አለው?»

«እ... ሁለት?»

«አራት! ብላ፣ ምግብህን ብላ።»

ገና ሳቄን ሳልጨርስ ግሩፑ ጸጥ ማለቱን አየሁ። አንድም ምርቃት የለም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ክዳኑ ከረመዳን ጀምሮ የሚፈለግ ነው፣ ልብስ ሰፊዋም ግሩፑ ውስጥ አለች! መልእክቱን ላጥፋ ብል የላከው ቦቱ ነው፤ የግሩፑ አስተዳዳሪ ደግሞ ሊቀመንበሯ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ልብስ ሰፊዋ ጻፈች፦ «ነገ ልመልሰው ነበር።»

ሊቀመንበሯ ተከተሉ፦ «ሰው ሁሉ ሲፈልገው ዝም ብለሽ? ለመሆኑ ይህን የጻፈችው ማን ናት?»

እናቴ በሕይወቷ ግሩፑ ውስጥ ድምፅ ልካ አታውቅም። ስልኩን አፏ ላይ ልትለጥፈው ምንም አልቀራት፦ «እኔ የምለው፣ ይሰማል? የኔ ልጅ ናት። የፊተኛውንም እሷ ናት የሠራችው፣ ያ ልጅ ላፕቶፕ ከማዋሱ በቀር የድስት ጆሮ እንኳ አያውቅም። ክዳኑን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ቅሬታ ያላት ለኔ ትንገረኝ። እርስዎም ልጄን እንዳይቆጧት።»

የሊቀመንበሯ ድምፅ መጣ፦ «ምን ብዬ እቆጣታለሁ! አላህ ያሳድጋት። ሰኞ እኔ ቤት ትምጣ፣ የጠፉብን ሦስት ምንጣፎች አሉ።»

እናቴ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና የአክስቴን ልጅ አየችው።

«ሰኞ ላፕቶፑን በጠዋት አምጣላት። እሷ ሥራ አላት፣ ሸዋ በር ድረስ አትመጣም።»